ራሴን እንደ በሬ ያከምኩበት ክረምት

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ እዚያች የሐኪም አልጋ ላይ ለሚወጣ ወንድ ነው። ሴቶቹ አይፈልጉትም፤ እነሱ ገና ድሮ አውቀውታል። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ወደ እርሻ ተመለስኩ። ጽሑፌ ቢንገዳገድ ነገሩን ያዙልኝ እንጂ ፊደሉን አትዩብኝ። ልጆቼ «ይህ እንዴት ይጻፋል፣ ነውር አይደለም ወይ?» አሉኝ። ነውሩ የቱ ጋ እንደሆነ አላየሁም። እግሩ የተሰበረ ሰው እግሬ ተሰበረ ይላል፤ እኔም ያመመኝን ቦታ እናገራለሁ።

ስሜ ተገኘ ነው። ፎገራ ላይ፣ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ሩዝ አርሳለሁ። ባለቤቴ እማዋይሽ ትባላለች። ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ እኔ ሸምግዬ እሷ ገና ወላድ ናት። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

የመጨረሻዋን ሴት ልጃችንን ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ። ወሳንሳ ላይ አጋድመን፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተቀባበልን፣ ጭቃውን አሻግረን አስፋልት አደረስናት። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የሰው ደም ሰጥተዋት ተረፈች። ስንወጣ ሐኪሙ ለብቻ ጠርቶ፣ «አባቴ፣ ደም ግፊት አለባት፤ ማሕፀኗም ደክሟል። ዳግመኛ ካረገዘች ላናተርፋት እንችላለን» አለኝ። ይህን ቃል ይዤ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። ለእሷ እንዴት እንደምነግራት ስጨነቅ፣ ለካ ለእሷም ነግረዋታል። ሁለታችንም እያወቅን አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር ከረምን።

ከዚያ ወዲያ የወሊድ መከላከያ ስናሳድድ ነው የኖርነው። በየሦስት ወሩ የሚወጋውን መርፌ ጀመረች። ደሙ ሲመጣ ሲሄድ፣ ሲመጣ ሲሄድ አሰለቻት፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ መግባት ተቸግራ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። እንክብሉን «ግፊት ስላለብሽ አይሆንሽም» አሏት። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን አስቀበረች፤ እሱም ደሙን አላቆመላትም፣ አስወጣችው። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥም አለ አሏት፤ «እሱንስ አላደርገውም» አለች፣ አልተሟገትኳትም። ዞራ ወደ መርፌው ስትመለስ ደግሞ አንድ ጊዜ ጤና ኬላው ዝግ ነው፤ ሠራተኛዋ ስብሰባ ሄዳለች። ሌላ ጊዜ መርፌው አልቋል። ክረምት ሲሆን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ይውጠዋል፣ ማንም የትም አይደርስም። ቀጠሮዋ ባለፈ ቁጥር እማዋይሽ በፍርሃት ትከሳለች፤ እኔም መኝታዬን ለይቼ መደብ ላይ እተኛለሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳናውቅ ተኮራርፈን እንውላለን።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰብለ ሰበሰበችን። ሰብለ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ተምራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና እኛው ቀበሌ ተመደበች። ዋርካው ሥር ወንዱም ሴቱም ተቀምጧል።

«ወንዱም መከላከል ይችላል» አለች። «የዘር ቧንቧው ይቋጠርና ያበቃል። በሚመጣው ሳምንት ባለሙያዎች ከተማው ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። የሚመዘገብ አለ?»

ወንዱ በሳቅ ወደቀ። አንዱ ከኋላ «እንደ ወይፈን ልታስኮላሺን ነው?» አላት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

እንዲህ ያለ ሳቅ አልወድም። «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብዬ ተነሳሁ። «ሴቶቹ ሲወጉ፣ ክንዳቸው ተቀዶ ሲቀበርባቸው አልሳቃችሁም። በይ እኔን መዝግቢኝ።»

«አያ ተገኘ፣ እርስዎ?»

«አዎ እኔ። ምነው፣ አርጅተሃል ልትይኝ ነው?»

ይሄኔ ሳቁ ባሰ። ምን እንደሚደረግብኝ አላወቅሁም ነበር። ግን ከአፌ የወጣውን መመለስ አልችልበትም፤ አባቴም እንዲሁ ነበር።

እማዋይሽ እቤት ስንደርስ ጀመረችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አበድክ? በስተርጅና ሰንጋ ልትሆን?»

«ሰንጋ ብሆን ምን ቸገረሽ፤ ሰንጋ እኮ የተወደደ ነው።»

«ለማን ልሸጥህ!» ብላ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና ከበሩ ላይ ቆማ «ያማል ግን?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ይቅርብህ።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ተመዝግቤያለሁ» አልኳት። ለእሷ ብዬ እንደሆነ ታውቃለች።

ሥራው ራሱ ምንም አልነበረም። አደንዝዘው ከፍሬዬ ከረጢት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱ፣ ቧንቧውን ቋጠሩ፣ ቆረጡ፣ ዘጉ። ጥርስ ማስነቀል ይብሳል። ሲጨርስ ወጣቱ ሐኪም ብዙ ነገረኝ፤ ተኛ፣ ከባድ አትሥራ፣ ውሃ አታስነካው፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ልበስ፣ ደግሞም ሦስት ወር ሞልቶ እስክትመረመር ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ አለኝ። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ልቤ ግን ከወይፈኑ ጋር ነበር።

በእኛ አገር ወይፈን ተኮላሽቶ ሲነሳ እንዲተኛ አይተውም። እየነዱ ያዞሩታል፣ ያንሸራሽሩታል፤ ከተኛ ደሙ ይረጋበታል፣ ያብጣል ይባላል። ስንቱን ወይፈን እኔው ራሴ በአለንጋ አዙሬዋለሁ። እነዚህ ልጆች ደግሞ ተኛ ይሉኛል። ወይፈን አሳድገው የማያውቁ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ምን ያውቃሉ ብዬ ናቅኋቸው። ሰብለ ባጃጅ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ «እሄዳለሁ» አልኳት። ከወረታ እስከ ቤቴ በእግሬ ወረድኩ። ስደርስም አልተቀመጥኩም፤ በሩዙ ክትር ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ።

«ኧረ ቁጭ በል፣ ልጅቷ አስተኙት ብላለች!» አለች እማዋይሽ።

«ተኝቼ ደሜ ይርጋ?»

«የምን ደም?»

ማስረዳት ታከተኝ። ዝናቡ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጣለ። ጎረቤት ሁሉ ጠምዷል፤ ሩዝ የሚዘራበት ማሳ ጭቃው ካልተቦካ አይሆንም። በሬዎቼን ጠምጄ ገባሁ። ውሃው እስከ ጉልበቴ፣ ሲያዳልጠኝም እስከ ወገቤ ይደርሳል። መንቀሳቀስ ያሽራል ብዬ አምኛለሁና ሕመሙን እንደ ደግ ምልክት ቆጠርኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከረጢቱ ጠቆረ፣ ከዚያ አበጠ፤ ቅል አከለ። መራመድ ከበደኝ፤ ሰውነቴን ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። እኔ ግራ ገባኝ። አዞርኩት፣ አንሸራሸርኩት፣ ታዲያ ለምን አበጠ? በደንብ አላዞርኩት ይሆን እንዴ?

ከዚህ በኋላ የሄድኩት ወደ ፈንቴ ነው። ፈንቴ ባልንጀራዬ ነው፤ በአካባቢው ወይፈን የሚያኮላሸው እሱ ነው። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የሆነውን ነገርኩት።

«አንተ! ለዚህ ለዚህ ከተማ ድረስ ምን አደከመህ?» አለ። «እኔው እዚሁ ከወይፈኖቹ ጋር አሰልፌ...»

«ተው ቀልዱን፣ አብጧል።»

ቀልዱን ተወ። «አዞርከው?»

«ሳላቋርጥ።»

«ውሃ አጠጣህ? ማለቴ... ጠጣህ?»

«ጠጥቻለሁ።»

አሰበ፣ አሰበና «ፍሬው አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም አሉ።»

«እንግዲያው አልተኮላሸህም። እኔ ስሠራ ፍሬው ደቅቆ ይጠፋል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሆንኩት?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ፈንቴ። «እንዲህ ያለ በሬ አይቼ አላውቅም።»

እንደ ገባሁ ወጣሁ፤ ግራ መጋባቴ ብቻ በዛ። ካልተኮላሸሁ ምን ተደረግሁ? ከተኮላሸሁስ ፍሬው ምን ይሠራል? ሰንጋ እየሰባ ይሄዳል፣ ድምፁም ይለወጣል። እኔ ደግሞ እየከሳሁ ነው። እማዋይሽን «ድምፄ ቀጥኗል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ እንደ ድሮው ያደነቁራል» አለችኝ። እሷም ብትሆን ተጨንቃለች፤ ሕመሙ በእሷ ምክንያት የመጣ ይመስላታል።

ወረታ ልሂድ እንዳልል ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ጤና ኬላው ጋ ሰብለ አለች፤ እንደ ልጄ ያየኋት ልጅ ፊት ሱሪዬን አልፈታም አልኩ። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ አገር ሄድኩ። በሐሙሲት አድርጌ አንበሳሜ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። የሰዉ ብዛት! አግዳሚው ሞልቶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔ መቀመጥ አልችልም፤ ግድግዳ ተደግፌ እግሬን ከፍቼ ቆምኩ። አንዲት እናት ታማሚ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ አየችኝና ነጠላዋን አጣጥፋ መሬት ላይ አነጠፈችልኝ። «በጎንዎ ይጋደሙ አባባ» አለች። ምን እንደያዘኝ አልጠየቀችኝም። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ፤ ስሟን አላውቅም።

ተራዬ ሲደርስ የሚመረምረው ልጅ «ምን ሆነው ነው?» አለኝ። «ከባድ ነገር አንስቼ ነው» አልኩ። ምን ልበለው? በደንብ እንዳያየኝም ልብሴን ያዝኩ። «ቡአ ነው» አለ፤ አንጀት ወደ ታች ሲወርድ ማለት ነው። ማስታገሻ ሰጥቶ «ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል» አለኝ። ማስታገሻው አላስታገሰም። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያም ስለመቋጠሩ ትንፍሽ አላልኩም። እዚያ ያለው ደግሞ ሩዝ አራሽ መሆኔን ሲሰማ «ውሃ ውስጥ ስለሚቆሙ ነው፤ እግርና ብልት የሚያሳብጥ በሽታ አለ» ብሎ እንክብል ሰጠኝ። ልጆቹ አልበደሉም፤ የነገርኳቸውን ነው ያከሙት። ግን እየቆየ እኔው ራሴ አመንኩ። ምናልባት ቡአ ይሆናል፣ ምናልባት የውሃው ይሆናል፤ መቋጠሩ ምንም የለበት ይሆናል። ትኩሳቱ ሲያይል ሐሳቤ ይደባለቃል፤ በተኛሁበት ሆኜ ወይፈን ሲነዳ ይሰማኛል፤ የሚነዳው እኔ እሆን ወይ ወይፈኑ፣ መለየት አልችልም።

የንስሐ አባቴ ጸበል ይዘው መጡ። ለእሳቸው አልደበቅሁም። 

«አባ፣ ስልብ ሆንኩ ማለት ነው? ሥጋ ወደሙስ እንዴት ይሆናል?»

«እኔ የማላውቀውን እንዴት ልፍረድ» አሉ። «ሚስትህ ትሞታለች አሉህ?»

«አሉኝ።»

«ደግሞ በበዓለ ሚካኤል አርሰሃል አሉ?»

«ጭቃው ይደርቅብኝ ነበር።»

ስግደት አዘዙኝ። ሊወጡ ሲነሱ ዞር ብለው አዩኝና «ሲሽርልህ ጀምረው እንጂ አሁን አይደለም» አሉ። ስግደቱ ለመቋጠሩ ይሁን በበዓል ለማረሴ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለቱንም እንዲሸፍን ብዬ ትንሽ ጨመር አድርጌ ሰግጃለሁ።

እኔን ያዳነችኝ እማዋይሽ ናት። አንድ ጠዋት ቁስሉ ራሱን ከፍቶ መግል ሲያፈስ አየች። ጮኸች። ለእኔ ሳትነግር ልጆቹን ልካ ሰብለን አስጠራች። ሰብለ ስትመጣ ብርድ ልብሱን ይዤ «አላሳይም!» አልኩ።

«አያ ተገኘ፣ እኔ ስንት አዋልጄ ስንት አይቻለሁ!»

«እኔ አልወለድኩም!»

«ልቀቀው አንተ!» ብላ እማዋይሽ ብርድ ልብሱን ነጠቀችኝ። በቃ። ሰብለ አየች፤ ፊቷ ሲለወጥ ነው እኔም በእውነት የፈራሁት። «ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው «ምኑን ነው ያመመው?» ቢል፣ እማዋይሽ ሰው ሁሉ እየሰማ «ተቋጥሮ ሲያበቃ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነው!» አለች። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ግን በር ተከፈተልን፤ የትም ስሄድ ያልተከፈተልኝ በር ማለት ነው። ያን ቀን ከፍተው መግሉንና የረጋውን ደም አፈሰሱት። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደም ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር አሉ። በክንዴ መድኃኒት እየገባልኝ ከረምኩ። ልጆቼ እርሻውን ያዙ፤ ፈንቴ በሬዎቼን ጠበቀ። ሊጠይቀኝ ሲመጣ «እንግዲህ ወይፈኖቹን ላስተኛቸው ወይስ ላዙራቸው?» ይላል፤ የክፍሉ ሕመምተኛ ሁሉ በሳቅ ቁስሉን ይይዛል።

የሚያክመኝን ሐኪም ጠየቅሁት። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ አስረዳኝ። እኔ አሁን ምንድን ነኝ?»

«ጤነኛ ወንድ ነዎት» አለኝ። «በሬው ፍሬው ይደቅቃል፣ ምንጩ ይደርቃል። የእርስዎ ፍሬ ደህና ነው። የተዘጋው ቦዩ ብቻ ነው። ጉልበትዎም፣ ጢምዎም፣ የባልና ሚስት ነገርዎም ያው ነው።»

«ቦይ ከተዘጋ ውሃው ዳር ጥሶ ይወጣል። የእኔው የት ይሄዳል?»

«ሰውነት መልሶ ይመጠዋል።»

«እንደ መሬት?»

«አዎ፣ እንደ መሬት።»

«የእኛ መሬት ጥቁር ነው፤ አይመጥም። ለዚህ ነው ሩዝ የምንዘራው።»

ሳቀና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።  እስካሁንም የት እንደሚሄድ አልገባኝም።

በፍልሰታ መግቢያ ከሆስፒታል ወጣሁ። ጾሙ ተፈታ። እኔም ድኛለሁ፤ ተዘግቷል ተብያለሁ። ሦስት ወር የሚለው ነገር ከትኩሳቱ ጋር ከጭንቅላቴ ወጥቷል። የበሬ ነገር ከተሠራ ተሠራ ነው። እኔና እማዋይሽ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ባልና ሚስት ሆንን። ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መስከረም ተጋመሰ። ሩዙ ፍሬ ሊይዝ ነው፤ ወፍ እንጠብቃለን። እሷ ከማማው ሥር ተቀምጣ ወፉ ሲወርድ እንኳ አታይም። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም» ትላለች። ነገሩን የሰማሁት ከሰብለ ነው።

«የወር አበባዋ ቀርቷል» አለችኝ። «አያ ተገኘ፣ ኮንዶሙን አልተጠቀማችሁም?»

«ተዘግቷል አሉኝ!»

«ተዘግቷል። ግን ከመዘጋቱ በፊት ያለፈው ዘር እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ወር ያሏችሁ ለዚህ ነው፤ ከዚያም ተመርምሮ።»

ያኔ ገባኝ። ቦይ ስዘጋ ከታች ያለው እርሻ ወዲያው አይደርቅም፤ የቀረው ውሃ ገና ይጓዛል። ይህንን የፎገራ ሰው ሆኜ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም ነበር። ለእሷ ደኅንነት ብዬ የገባሁበት ነገር እሷን ሊገድላት ነው ማለት ነው?  እርጉዝ ከሆነች ሐኪሞች ቶሎ ይዩዋት፣ መፍትሔ ይኖራል አለችኝ ሰብለ፤ እኔ የታየችኝ ግን ወሳንሳው ላይ የተኛችው እማዋይሽ ናት።

በማግስቱ ሁለታችንም እንድንመረመር ወረታ ወጣን። እሷ ለእርግዝና፣ እኔ ለዘሬ። ለእኔ ሰብለ አስቀድማ ትንሽ ብልቃጥ ሰጥታኝ ነበር። ከቤት ሞልተው ቶሎ ይዘው ይድረሱ፣ እንዳይቀዘቅዝ አለችኝ። እንዴት እንደሞላ አልናገርም። ብብቴ ሥር ይዤ ባጃጅ ላይ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ «የምን መድኃኒት ነው አባባ?» ሲለኝ «የዓይን» አልኩት። «እኔም ዓይኔን ያመኛል፤ ከየት ነው የሚገኘው?» አለ። እማዋይሽ በዚያ ሁሉ ጭንቋ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ብልቃጡን አስረክበን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ዙሪያችን ያለው ሁሉ እርጉዝ ሴት ነው። አንዷ ሆዷን ይዛ እየተቸገረች ወደ እኔ ዞረችና «አባባ፣ ልጅዎን ይዘው ነው?» አለችኝ።

«ሚስቴ ናት። እኔም ተመርማሪ ነኝ።»

«እርስዎም? ስንት ወርዎ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እማዋይሽ ግን አልሳቀችም፤ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ እያጠፈች እየፈታች ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ይህቺ ሴት ትሞት እንደሆነ ከግድግዳው በዚያ ማዶ አንድ ሰው አሁን እያየ ነው ብዬ አሰብኩ። መጸለይ ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን ግራ ገባኝ። ልጅ አትስጠኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አይቼ አላውቅም።

እዚያ ተቀምጠን ሳለን ያሰብኩትን ለአንባቢ ልናገር፤ ኋላ ይረሳኛል። ወንድሜ ሆይ፣ ተቋጠር፤ አያሳፍርም፣ አያኮላሽም። ግን ተኛ ሲሉህ ተኛ። ወረድ ብሎ ያበጠ ነገር ካለህ ምን እንደተደረገልህ ተናገር፤ ሐኪም ጠንቋይ አይደለም። ሚስትህን ይዘህ ግባ፤ አንተ ያልሰማኸውን እሷ ትሰማለች። ሦስት ወር ሲሉህም ሦስት ወሩን ሙሉ ተጠንቀቅ፣ ከዚያም ተመርመር። እኔ የሆንኩትን አትሁን።

በሩ ተከፈተና የላብራቶሪው ልጅ ስማችንን ጠራ። ገባን።

«እናቴ፣ እርጉዝ አይደሉም» አላት። «ጭንቀትም፣ የወሰዱት መርፌም ወሩን ያዛባል። ግፊትዎን ግን ሳይለኩ አይሂዱ።» ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎም የለብዎትም፤ አንድም ዘር አላየሁም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ደግመህ እይ።»

«አይቻለሁ አባቴ።»

«ደግመህ እይ አልኩህ! የሰው ነፍስ ነው!»

ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። «እንኩ፣ ራስዎ ይዩ» ብሎ ከማጉያው መነጽር ፊት አቆመኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ ቀጥሎ ክብ ብርሃን መጣ። በብርሃኑ ውስጥ ጥቁር፣ ቀጭን ነገር ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ይኸው አለ!» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው ይንቀሳቀሳል! ዋሸኸኝ!»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ ከዚያ መነጽሩን አየ። «አባቴ፣ እሱ የራስዎ ሽፋሽፍት ነው። ዓይንዎን አያርገብግቡ።»

አላርገበገብኩም። ጥቁሩ ነገር ጠፋ። ክቡ ብርሃን ብቻ ቀረ። ዓይኔ እስኪያነባ ድረስ አየሁት፤ ምንም አልነበረም።

ስንወጣ እማዋይሽ ቀደመችኝ። ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች፤ እኔ እንደምከተላት እንኳ የምታውቅ አትመስልም። መንገዱ ዳር ዓሣ የሚጠብሱበት ቤት ደጅ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ራበኝ» አለች።

ገባን። ዓሣው መጣ። ሰሞኑን ምንም እንዳልቀመሰች ያወቅሁት ያኔ ነው። አጥንቱን እየለቀመች፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ በላች። እኔ አልበላሁም፤ እሷን አያለሁ። የመጨረሻውን ቁራሽ አጣጥፋ ስታነሳ ከአፏ ሳታደርስ ቆመች።

«እንግዲህ ያቺን ትንሿን ልጃችንን» አለች፣ «እኔው ራሴ እድራታለሁ ማለት ነው።»

«ድሪያት» አልኳት።